ከደጋ ወርዳ በወበቅ የምትሮጥ ሴት ለምን ትዘገያለች?

ጥያቄ፦ «31 ዓመቴ ነው። የምሮጠው በትርፍ ጊዜዬ ነው፤ ፕሮፌሽናል አይደለሁም። ከ7 ሳምንት በፊት በሥራ ምክንያት 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ቀዝቃዛ ከተማ ወደ አንድ ወበቃም የባሕር ዳርቻ ከተማ ተዛወርኩ። ከፍታ ላይ ስለኖርሽ እዚያ ትበሪያለሽ ተብዬ ነበር፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ድሮ ቀላል ሩጫዬን በኪሎሜትር 6፡40 ስሮጥ የልብ ምቴ 140 ነበር፤ አሁን በ7፡15 እየሮጥኩ ሰዓቴ 158 ይላል። የምሮጠው ብቻዬን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ኤርኮንዲሽን ያለው ቢሮ ውስጥ ነኝ። ድሮ በአፈር መንገድ እሮጥ ነበር፤ እዚህ ሁሉም አስፋልት ነው። ክብደቴ ከ59 ወደ 56 ኪሎ ወርዷል፣ በዚህስ ደስ ብሎኛል። የወር አበባዬ ባለፈው 19 ቀን ዘግይቶ ጥቂት ብቻ መጣ። ከ8 ሳምንት በኋላ እዚሁ ከተማ ግማሽ ማራቶን እሮጣለሁ፤ ምርጥ ሰዓቴ 1፡58 ነው። ልምምድ ልጨምር?»

ምላሽ፦

ሰላም እህቴ፤ የመጨረሻዋን ጥያቄሽን አስቀድሜ ልመልስ፦ አትጨምሪ። እንዲያውም ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ከሳምንታዊ ኪሎሜትርሽ ሲሶውን ቀንሺ፣ ፈጣን ልምምዱንም ለጊዜው ተይው። አዲስ ቦታ ሄደው ሰዓታቸው የተበላሸባቸው ሯጮች «ሰነፍኩ» ብለው ልምምድ ይደርባሉ፤ የደከመው ሰውነት ይብስበታል፣ ከወር በኋላ ጉዳት ይዘው ይቀመጣሉ። አንቺ በጻፍሽው ውስጥ ሦስት ተጠርጣሪዎች አሉ፦ ሙቀት፣ ምግብና ደም። ማንም ሰው ቶሎ ጣቱን የሚቀስረው ሙቀቱ ላይ ነው። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን «ደስ ብሎኛል» ብለሽ ያለፍሽው ሦስት ኪሎ ነው።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት አንድ ተራ ነገር እናጣራ። 158ን የነገረሽ የእጅ ሰዓት ከሆነ ቁጥሩን እንዳለ አትመኚው። የእጅ ሰዓት የልብ ምትን የሚያነበው ከቆዳ ሥር የሚያልፈውን ደም በብርሃን እየተከታተለ ነው። ማሰሪያው ላላ ሲልና ቆዳ በላብ ሲረጥብ ከልብ ምት ይልቅ የእርምጃን ምት ይይዝና ያንኑ ያሳያል። በአንቺ ፍጥነት የሚሮጥ ሰው ደግሞ በደቂቃ ከ155 እስከ 170 ጊዜ ይረግጣል፤ ስለዚህ 158 አጠራጣሪ ቁጥር ነው። ማጣሪያው ቀላል ነው። ሩጫው 20ኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ቁሚ፣ ሁለት ጣትሽን ከመንጋጋሽ ሥር አንገትሽ ላይ አሳርፊ፣ 15 ሰከንድ ቁጠሪና በ4 አባዢው። እንደቆምሽ ምቱ በፍጥነት ስለሚወርድ ወዲያው ጀምሪ። 39 ወይም 40 ከቆጠርሽ ሰዓቱ አልዋሸም። 34 ወይም 35 ከቆጠርሽ ግን ግማሹ ጭንቀትሽ የማሰሪያ ጉዳይ ነበር፤ ሰዓቱን ከእጅ አንጓ አጥንትሽ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርገሽ ጠበቅ አድርጊው፣ ወይም በደረት የሚታሰረውን መለኪያ ተጠቀሚ።

ቁጥሩ እውነት ነው እንበል። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ከአራት እጅ ሦስቱ ገደማ ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። ይህን ሙቀት ለማስወጣት ደም ወደ ቆዳ መሄድ አለበት፤ እግርም ደም ይፈልጋል፤ ያለው ደም ግን ያው ነው፣ ሲያልብሽ ጭራሽ ያንሳል። ልብ በአንድ ምት የሚረጨው መጠን ሲቀንስ በምት ብዛት ያካክሳል። በወበቅ ከ10 እስከ 20 ምት መጨመር የተለመደ ነው፣ ያንቺም 18 እዚያው ውስጥ ነው።

ላብ የሚያቀዘቅዘው ሲተን ብቻ ነው። ከአገጭሽ ጠብ ብሎ አስፋልት ላይ የወደቀ ላብ ውሃሽን ይዞ ሄደ እንጂ አላቀዘቀዘሽም። አየሩ በእርጥበት ሲሞላ አብዛኛው ላብ እንዲህ ባክኖ ይቀራል። ሌሊት መውጣትሽም የጠበቅሽውን ያህል ያልረዳሽ ለዚህ ነው፤ ፀሐይ የለችም፣ አንጻራዊ እርጥበት ግን በቀን ውስጥ ከፍተኛ የሚሆነው ልክ ከንጋት በፊት ነው። ስለዚህ ከመውጣትሽ በፊት የእርጥበት መቶኛውን ትተሽ የጤዛ ነጥብ (በአየሩ ውስጥ ያለው እንፋሎት ወደ ጤዛ የሚቀየርበት የሙቀት መጠን) የሚለውን ተመልከቺ፤ አብዛኞቹ የአየር ሁኔታ መተግበሪያዎች ያሳያሉ። ከ13 ዲግሪ በታች ከሆነ እንደ ልብሽ ሩጪ። 16 እና 18 መካከል መክበድ ይጀምራል። ከ21 በላይ ሲሆን ፍጥነት የሚባለውን ረስተሽ በትንፋሽሽ ሩጪ። ከ24 በላይ ከሆነ ፈጣን ልምምድ ቤት ውስጥ ይግባ።

ወበቅ የዓለም ሻምፒዮንንም አያከብርም። እ.ኤ.አ. በ2019 በዶሃው የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ፀሐይን ለመሸሽ እኩለ ሌሊት ላይ ነበር የተጀመረው። ሙቀቱ ግን ከ32 ዲግሪ፣ እርጥበቱም ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከተነሱት 68 ሴቶች 28ቱ አቋረጡ፤ ሦስቱም ኢትዮጵያውያን ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ያሸነፈችው ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች በ2፡32፡43 ነው የገባችው፤ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ዱባይ ውስጥ 2፡17፡08 ሮጣ ነበር። እሷን ሩብ ሰዓት ያዘገየ ዓይነት አየር አንቺን በኪሎሜትር 35 ሰከንድ ቢያዘገይሽ አይግረምሽ።

ሰውነት ሙቀትን ይለምዳል፣ የሚለምደው ግን የቀመሰውን ያህል ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ቀናት የደም ፈሳሽ ክፍል ይጨምራል፤ በሳምንት ውስጥ የልብ ምት መውረድ ይጀምራል፤ ላብ ቀደም ብሎና በርከት ብሎ እንዲወጣ፣ ጨውም እንዲቆጥብ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። ለወንዶች አንዳንዴ የሚበቃው የ5 ቀን አጭር ፕሮግራም ለሴቶች ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ 10 ቀን አስቢ። ታዲያ 7 ሳምንት ቆይተሽ ለምን አልለመድሽም? የምትኖሪው ሞቃት ከተማ ውስጥ ባለ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ነው። በቀን አንዲት ሰዓት፣ ያውም በሌሊቱ ሰዓት፣ ቀሪውን በኤርኮንዲሽን። እንዲህ የሚኖር ሰው ሙቀቱን በከፊል ብቻ ይለምዳል።

እዚህ ላይ «ከፍታ ላይ ስለኖርሽ ትበሪያለሽ» ያሉሽም ፈጽሞ አልተሳሳቱም። 2,300 ሜትር ላይ አብዛኛው ሰው ሰውነቱ መጠቀም ከሚችለው ከፍተኛ ኦክስጅን 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ፣ በ2,240 ሜትር፣ የኦሊምፒክ 10,000 ሜትር አሸናፊ የገባው በ29፡27.4 ነበር፤ በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን 27፡39.4 ሆኖ ሳለ። ወደ ታች ስትወርጂ ያ የጎደለው ኦክስጅን ወዲያው ይመለስልሻል። ከፍታ ላይ ያፈራሽው ትርፍ ቀይ የደም ሴል ግን በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል፣ ሰውነት የማያስፈልገውን አያኖርም። ስለዚህ ቀዝቃዛ አየር ባገኘሽ ቀን ከድሮው ፈጠን ማለት አለብሽ። ይህን ነጥብ ያዢው፤ ጥፋተኛውን የምንለይበት ይኸው ነው።

ፈተናው እንዲህ ነው። 20 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ጂም ውስጥ ትሬድሚል ፈልጊ። ዳገቱን 1 በመቶ አድርጊው። ቬንቲሌተር ፊት ለፊትሽ ይንፈስ፤ ይህ ከሌለ ፈተናው ዋጋ የለውም፣ አየር በማይንቀሳቀስበት ክፍል ውስጥ ትሬድሚል ራሱ ምድጃ ነው። 10 ደቂቃ ካሟሟቅሽ በኋላ ፍጥነቱን በሰዓት 9 ኪሎሜትር ላይ አድርጊና 20 ደቂቃ ሩጪ፤ ልክ የድሮው 6፡40 ማለት ነው። የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎች አማካይ ምት መዝግቢ። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ በዚያው ሰዓት ድገሚው። ከፈተናው በፊት ቡና አትጠጪ፣ የከባድ ልምምድ ማግስትም አይሁን። የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባለው ሳምንትም ባይሆን ይመረጣል፤ ከእንቁላል መውጣት በኋላ የሰውነት ሙቀት ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ከፍ ስለሚል ምቱም ጥቂት ይጨምራልና።

ውጤቱ 135 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጥፋተኛው ወበቁ ነው፣ አካልሽ ደህና ነው። 140 አካባቢ ከሆነ ብዙዎች «ያው ድሮ የነበረው ነው» ብለው ይደሰታሉ፤ እኔ ግን አልደሰትም። ኦክስጅኑ በተሟላበት ዝቅተኛ ቦታ ላይ፣ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ ከድሮው መውረድ ነበረበት። 145 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱን ተይውና ወደ ሳህንሽና ወደ ደም ምርመራ እንሂድ። እውነቱን ለመናገር፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ሁለቱን ማየት አለብሽ፤ የወር አበባሽ አስቀድሞ ምልክት ሰጥቷል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 56 ኪሎ ሆነሽ ከዚያ ውስጥ 12 ኪሎ ያህሉ ስብ ነው ብንል ስብ ያልሆነው አካልሽ 44 ኪሎ ነው። ሰውነት ሩጫውን ሳይጨምር ሆርሞኑን፣ አጥንቱን፣ የበሽታ መከላከያውን በደህና ለማንቀሳቀስ ለእያንዳንዱ ስብ ያልሆነ ኪሎ በቀን 45 ካሎሪ ገደማ ይፈልጋል፤ 1,980 ይሆናል። ሩጫ በኪሎሜትር ለአንድ ኪሎ ክብደት 1 ካሎሪ ገደማ ስለሚያወጣ የ10 ኪሎሜትር ቀን 560 ይጨምራል። ድምሩ 2,540። አሁን በቀን 1,800 ትበያለሽ እንበል፤ ለብዙ ሴቶች «ጤናማ» የሚመስል ቁጥር ነው። ከ1,800 ላይ 560 ሲቀነስ 1,240 ይቀራል፣ ለ44 ሲካፈል 28። ከ30 በታች ሲወርድ ሰውነት ወጪ መቀነስ ይጀምራል፣ ቀድሞ ከሚቆርጣቸውም አንዱ የወር አበባ ነው። ይህን ያህል ለመጉደል መራብ አያስፈልግም። ሙቀት የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፣ አዲስ ሥራ ምሳ ያስረሳል፣ ብቻውን የሚበላ ሰው ማብሰል ይታክተዋል። በሰባት ሳምንት ሦስት ኪሎ የሄደውም እንዲሁ ሳይታወቅ ነው።

የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች ይህን ችግር እ.ኤ.አ. በ2014 «በስፖርት አንጻራዊ የኃይል እጥረት» (RED-S) ብለው ሰይመውታል፤ የታዋቂ ሯጮች ችግር ብቻም አይደለም። የሚቀልል ሯጭ ለጥቂት ሳምንታት ሊፈጥን ይችላል፤ ወጥመዱም እሱ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የአጥንት ስንጥቅ ነው፣ አንቺ ደግሞ በዚያው ወር ከአፈር ወደ አስፋልት ተዛውረሻል። በቅልጥምሽ ወይም በእግርሽ መዳፍ ላይ በአንዲት ጣት ጫፍ ልታሳዪው የምትችይ ቦታ ሲነካ ካመመሽ፣ በአንድ እግር ስትዘይም ካመመሽ፣ ሩጫ በዚያው ቀን ይቁም። ብሽሽት ውስጥ ጠለቅ ብሎ የሚሰማ ሕመም ሲሆን ደግሞ አንድም ቀን አትጠብቂ፤ የጭን አጥንት አንገት ስንጥቅ ተንቆ ከተሮጠበት ሙሉ ስብራት ይሆናል።

ለወር አበባው አንደኛ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ፤ ግልጽ ነገር ነው ግን ይዘለላል። ጉዞ፣ ጭንቀትና የእንቅልፍ መዛባት አንድ ዙር ሊያዘገዩ ይችላሉ። ብቻውን ቢሆን ቀጣዩን ጠብቂ እል ነበር። ከክብደት መቀነስ ጋር ሲመጣ ግን የተለመደውን «ሦስት ወር ከቀረ ሐኪም» የሚለውን ደንብ አትጠብቂ፣ አሁኑኑ ታዪ። የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስጂ ከሆነ የሚመጣው ደም የእንክብሉ ስለሆነ ስለ ጤናሽ ምንም አይነግርሽም፤ ይህን ለሐኪሙ ንገሪው።

ምግቡን ለማስተካከል ሙሉ የአመጋገብ ለውጥ አያስፈልግም። ባዶ ሆድሽን ከሆነ የምትሮጪው ከመውጣትሽ ግማሽ ሰዓት በፊት አንድ ሙዝ ወይም ቁራሽ ዳቦ ከማር ጋር ብዪ። ከሩጫ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ያለው ቁርስ፤ ሦስት እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት ይሞላዋል። ፍላጎትሽ በሙቀት ከተዘጋ በሚጠጣ መልክ ውሰጂው፤ ወተት በሙዝና በለውዝ የተመታ ሳይታወቅ 400 ካሎሪ ይገባል። ሁለት ኪሎ ቢመለስ አትደንግጪ፣ አንዱ ጡንቻሽ ውስጥ የተከማቸ ስኳርና ውሃ ነው።

ደምን በተመለከተ ሙሉ የደም ቆጠራና ፌሪቲን (በሰውነት ውስጥ የተከማቸውን ብረት የሚያሳይ ምርመራ) አሠሪ። ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) ብቻ ታይቶ «ደም አለሽ» ከተባልሽ አትመለሺ፤ የብረት ክምችቱ ሊያልቅ ተቃርቦ ሄሞግሎቢን ደህና ሊመስል ይችላል። የላቦራቶሪው ወረቀት ፌሪቲን 15ን «ጤነኛ» ሊለው ይችላል። ለምትሮጥ ሴት ግን ከ30 እስከ 35 ማይክሮግራም በሊትር ከሚለው መስመር በታች ያለው ዝቅተኛ ተብሎ ይወሰዳል። ናሙናው ከእረፍት ቀን በኋላ፣ ጉንፋንም ሳይኖርብሽ ይወሰድ፤ ሕመምና ከባድ ልምምድ ፌሪቲንን በሐሰት ከፍ ያደርጉታል። ያንቺ ዝቅ ካለ ደግሞ በቁም ነገር ውሰጂው፤ ከከፍታ ስትወርጂ ከሚፈርሱት ትርፍ ሴሎች የወጣው ብረት ወደ ክምችት ስለሚገባ ከፍ ብሎ መገኘት ነበረበት።

መጠኑን ሐኪም ይወስን፣ ሳትመረመሪ የብረት እንክብል አትዋጪ፣ የተትረፈረፈ ብረት ራሱ ጉበትን ይጎዳል። አወሳሰዱ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከከባድ ሩጫ በኋላ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ሄፕሲዲን የሚባለው ሆርሞን ከፍ ስለሚል አንጀት ብረትን ይዘጋበታል። ስለዚህ ጠዋት፣ ሩጫ እንደጨረስሽ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ወይም ከሩጫ በፊት፣ ከብርቱካን ጭማቂ ጋር ውሰጂው። ሻይ፣ ቡናና ወተት ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁት። በየቀኑ ከመውሰድ ቀን አሳልፎ መውሰድ የተሻለ ይመጠጣል፣ ሆድንም አይረብሽም። ውጤቱን ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ አስለኪ። የምትሮጪበትን ውድድር እንደማያድን ይገባሻል።

አሁን ወደ ስምንቱ ሳምንታት። የመጀመሪያው ሳምንት ሦስት የ40 ደቂቃ ቀላል ሩጫ፣ ፈተናውና ምርመራው ብቻ ነው። ሐኪሙ ከፈቀደና ምግቡ ከተስተካከለ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሳምንት ሙቀት ለመልመድ ስጪያቸው። በ14 ቀን 10 ጊዜ፣ ከሥራ በኋላ ገና ሞቅ ባለበት ሰዓት ውጪ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ፣ ቀሪዎቹ 60 ደቂቃ። ምትሽ 150 ሲደርስ በእግርሽ ተራመጂ፣ 140 ሲገባ ቀጥዪ። መራመዱ ሽንፈት አይደለም፤ የሚያለማምድሽ ሙቀቱ ነው እንጂ ፍጥነቱ አይደለም። የጤዛ ነጥቡ ከ24 በላይ ሲሆን ሩጫውን በፈጣን እርምጃ ተኪው። እየሠራ እንደሆነ የምታውቂው በተመሳሳይ ፍጥነትና በተመሳሳይ አየር ምቱ ሲወርድ፣ ላብሽም ቀድሞ ሲጀምርና ጨዋማነቱ ሲቀንስ ነው፤ ልብስሽ ላይ ሲደርቅ ነጭ ሆኖ የሚቀረው ምልክት ይሳሳል።

ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት በሳምንት አንድ ፈጣን ልምምድ በቂ ነው፦ መጀመሪያ 6 ጊዜ 3 ደቂቃ በ2 ደቂቃ እረፍት፣ ኋላ ወደ 3 ጊዜ 10 ደቂቃ አሳድጊው። ረጅሙ ሩጫ 14፣ 16፣ ከዚያ 18 ኪሎሜትር ይሁን። ሰባተኛው ሳምንት ላይ 12 ኪሎሜትር፣ ከውስጡ 5ቱ በውድድር ስሜት። የመጨረሻውን ሳምንት ኪሎሜትሩን በግማሽ ቁረጪ፣ ሙቀቱን ግን ሁለት ጊዜ ቅመሺው፤ የለመድሽው በሳምንት ውስጥ መሸርሸር ይጀምራል፣ በወር ውስጥ ይጠፋል።

አስፋልቱን በተመለከተ ከሳምንቱ ሩጫ ሁለቱን ሣር ሜዳ፣ አሸዋማ ያልሆነ የመናፈሻ መንገድ ወይም ትሬድሚል ላይ አድርጊ። የመንገድ ጠርዝ ወደ ቦይ ያዘነበለ ስለሆነ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ከሮጥሽ አንዱ ዳሌሽ ይጎዳል፤ መኪና በማይበዛበት ቦታ ወገን ቀያይሪ። በሙቀት እግር ስለሚያብጥ ጫማ ማታ ለኪ፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ይቅር። የስፖርት ጡት መያዣው ማሰሪያ ሥር ቫዝሊን ቀቢ፣ በእርጥብ ጨርቅ መፋቅ በ10ኛው ኪሎሜትር ቁስል ነው። ከመያዣው ሥር ከሁለት ጣት በላይ የሚገባ ከሆነም ላስቲኩ አልቋል።

ብቻሽን በጨለማ ስለመሮጥ አጭር ልበል። አዲስ መንገድን መጀመሪያ በቀን ብርሃን በእግርሽ ሂጂበት፤ መብራት የሌለበትን፣ ውሻ የሚለቀቅበትን፣ ክፍት ሱቅ ያለበትን እዪ። ከ2 እስከ 3 ኪሎሜትር የሆነ ዙር በቤትሽ አቅራቢያ መርጠሽ መደጋገሙ ከአንድ ረጅም መንገድ ይሻላል፤ ውሃ ታስቀምጫለሽ፣ ከቤት አትርቂም። ቦታሽን በቀጥታ ለአንድ ሰው አጋሪ፣ የሩጫ መተግበሪያሽ መነሻና መድረሻሽን ለሕዝብ እንዳያሳይ ዝጊው። የሩጫ ቡድን ስትፈልጊ «ሁሉም ሰው ይችላል» የሚለውን አትመኚ፤ የመጨረሻውን ሰው ማን ይጠብቃል፣ ቀላሉ ቀን በኪሎሜትር ስንት ደቂቃ ነው ብለሽ ጠይቂ። በብዙ አገሮች በነጻ የሚካሄደው ሳምንታዊው የ5 ኪሎሜትር ፓርክረን በአቅራቢያሽ ካለ ጥሩ መግቢያ ነው። አንድ ሳምንት በፈቃደኝነት ሰዓት ብትይዢ በአንድ ጠዋት የምታውቂያቸው ሰዎች ሦስት ወር ብቻሽን ሮጠሽ ከምታውቂያቸው ይበልጣሉ።

ውሃን በግምት አትጠጪ፣ ለኪው። ከአንድ ሰዓት ሩጫ በፊት ሽንት ቤት ሄደሽ ያለ ልብስ ተመዘኚ፤ ስትመለሺ ላቡን ጠርገሽ እንደገና። ለምሳሌ 56.4 ወጥተሽ 55.7 ተመለስሽ፣ በመንገድ 0.4 ሊትር ጠጥተሻል፤ ያላበሽ 0.7 ሲደመር 0.4፣ 1.1 ሊትር በሰዓት ነው። በሁለት ሰዓት 2.2 ሊትር ይሆናል። ሁሉንም መተካት የለብሽም፤ በሰዓት ከ400 እስከ 500 ሚሊሊትር ከጠጣሽ ከክብደትሽ 2 በመቶ በጥቂት አልፈሽ ትጨርሻለሽ፣ ይህም ደህና ነው። ከጀመርሽበት ክብደት በላይ ሆነሽ ከጨረስሽ ግን አደጋ ነው፣ የደም ሶዲየም (በደም ውስጥ ያለው ጨው) ይቀጥናል። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረው 488 ሯጮች 13 በመቶው ሶዲየማቸው ወርዶ ተገኝቷል፤ ከዚህ ጋር በጥብቅ የተያያዘው ክብደት ጨምሮ መጨረስና ከ4 ሰዓት በላይ መሮጥ ነበር። አነስ ያለ ሰውነት ያላት፣ ቀስ ብላ የምትሮጥና በየጣቢያው የምትጠጣ ሴት ለዚህ ቅርብ ናት። ለወር አበባ ሕመም በውድድሩ ጠዋት ኢቡፕሮፌን መዋጥም ይህንኑ አደጋ ይጨምራል፣ ኩላሊትንም ያስጨንቃል።

በውድድሩ ቀን 1፡58ን እርሺው። የጤዛ ነጥቡ 21 አካባቢ ከሆነ ከ2፡04 እስከ 2፡08 ጥሩ ውጤት ነው። የመጀመሪያውን 5 ኪሎሜትር በ6፡05፣ ቀጣዩን 10 በ6፡00፣ ከዚያ አቅም ከቀረ በ5፡50 ዝጊ፤ 2፡06 አካባቢ ትገቢያለሽ። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ኃይል ሰጪ ምግብ ይበቃል፤ ለሯጮች የሚዘጋጀው ጄል (ስኳር ያለው ወፍራም ፈሳሽ) አብዛኛው ከ20 እስከ 25 ግራም ስለሆነ አንዱን 40ኛው፣ ሌላውን 80ኛው ደቂቃ ላይ፣ ሁለቱንም ከውሃ ጋር። አንዱን ብርጭቆ ጠጪ፣ ሌላውን አንገትሽና ክንድሽ ላይ አፍሺ። ወር አበባ ሊመጣ የሚችልበት ቀን ከሆነ የምትጠቀሚበትን ነገር ቀድሞ በ16 ኪሎሜትሩ ላይ ሞክሪው፤ ደረቅ መቀየሪያ በዕቃ ማስቀመጫው ከረጢት ውስጥ ይኑር።

በዚያ ሙቀት መካከል ብርድ ብርድ ካለሽ፣ የሰውነትሽ ፀጉር ከቆመ፣ ወይም የትኛው ኪሎሜትር ላይ እንዳለሽ ከጠፋብሽ ቁሚና ሰው ጥሪ። ሌላ ሯጭ ግራ ተጋብታ ብታዪ አምቡላንስ ይጠራ፣ እስኪመጣ ግን አትጠብቂ፦ ጥላ ውስጥ አስገቢያት፣ በረዶ ባለው ውሃ ይነክሯት፣ ገንዳ ከሌለ በቀዝቃዛ ውሃ በተነከሩ ፎጣዎች ያለማቋረጥ አቀዝቅዟት። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ኋላ ማጓጓዝ። በአሜሪካው የፋልማውዝ የጎዳና ሩጫ በ18 ዓመት ውስጥ 274 የሙቀት ምት (የሰውነት ሙቀት ከልክ አልፎ አእምሮን የሚያውክ አደጋ) ታማሚዎች በቦታው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተነክረው ሁሉም ተርፈዋል።

የትሬድሚሉን ሁለት ቁጥሮች፣ የፌሪቲኑን ውጤት፣ የሦስት ቀን ምግብሽንና ቀጣዩ የወር አበባሽ የመጣበትን ቀን ጻፊልኝ። ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ያለውን በዚያ ተመሥርተን እናስተካክላለን።